ከመዝለል በፊት ማረፍ፦ የቴኳንዶ ልጆች የሚዛንና የፕላዮሜትሪክ ሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ጥቅምት፣ መጀመሪያ

የማሰለጥናቸው ልጆች ከ14 እስከ 19 ዓመት ናቸው። አብዛኞቹ ሰማያዊና ቀይ ቀበቶ ደርሰዋል። እግራቸው ፈጣን ነው። ችግሩ የሚመጣው ከምቱ በኋላ ነው። ዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ የእግር ምት) ሲመቱ እግሩ ይደርሳል፣ ሰውነታቸው ግን አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛውን ምት ለማውጣት መጀመሪያ ተንገዳግደው መቆም አለባቸው። እስከዚያ ተጋጣሚው ገብቶ ጨርሷል።

በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ መውደቅ ጋምጆም (ቅጣት) ነው፤ ለተጋጣሚ 1 ነጥብ ይሰጣል። ከመስመር መውጣትም እንዲሁ። ደረት ላይ የሚያርፍ የእግር ምት 2 ነጥብ፣ ጭንቅላት ላይ 3 ነው። ዞሮ የተመታ ከሆነ ደረት ላይ 4፣ ጭንቅላት ላይ 5 ይሆናል። ትልቁ ነጥብ ያለው ሰውነት ዞሮ በአንድ እግር በሚቆምበት ምት ላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው የዘንድሮውን በጋ ለሚዛንና ለፕላዮሜትሪክ (ወርዶ ወዲያው የመንጠር ልምምድ) የሰጠሁት።

ልጆቹ ስለ ፕላዮሜትሪክ የሚያውቁት ከስልክ ቪዲዮ ነው። ትልቅ ሳጥን ላይ መውጣት ይመስላቸዋል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከላይ ሲወረድ ነው። ጡንቻና ጅማት ሲለጠጡ ኃይል ያጠራቅማሉ። ወዲያው ከተኮማተሩ ያ ኃይል ለዝላዩ ይጨመራል። ከዘገዩ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ0.25 ሰከንድ በታች ከሆነ ፈጣኑ ዓይነት ይባላል፣ ከዚያ በላይ ዘገምተኛው። የእኛ የእግር እንቅስቃሴ (ስቴፕ) እና ድርብ ምት ፈጣኑን ይፈልጋል። ቆሞ ሳጥን ላይ መውጣት ዘገምተኛው ውስጥ ነው የሚመደበው።

ይህን ዘዴ ሥርዓት ያስያዘው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሶቪየቱ ዩሪ ቬርሆሻንስኪ ነው። እሱ ከ75 ሴ.ሜ ከፍታ ሰው ያወርድ ነበር። ፕላዮሜትሪክ የሚለው ስም ቆይቶ በ1975 ከአሜሪካዊው አሰልጣኝ ፍሬድ ዊልት መጣ። ያ 75 ሴ.ሜ ግን ብረት ሲያነሱ ለኖሩ አዋቂ አትሌቶች ነው። ለ15 ዓመት ልጅ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ላይ ቁርጥ አድርጌ ነገርኳቸው።

ጥቅምት፣ አጋማሽ፦ ልኬት

ሳይለኩ መጀመር አልፈለግኩም። የምንጠቀምበት አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በጠመኔና በስኮች የዋይ ቅርጽ ሠራን። አንድ መስመር ወደ ፊት፣ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ግራና ቀኝ። በሁለቱ የኋላ መስመሮች መሃል 90 ዲግሪ ነው፣ ከፊተኛው እስከ እያንዳንዳቸው 135። ዘጠናውን በአናጢ ስኳድራ አወጣን። ፊተኛውን ለማግኘት ደግሞ 90ውን እኩል የሚከፍለውን መስመር ወደ ፊት መዘርጋት ይበቃል። ፕሮትራክተር አያስፈልግም።

ልጁ በባዶ እግሩ መሃሉ ላይ በአንድ እግር ይቆማል። እጅ ወገብ ላይ። በሌላው እግር ጫፍ መስመሩን ተከትሎ የቻለውን ያህል ርቆ ይነካል፣ ይመለሳል። የቆመው ተረከዝ ከተነሳ አይቆጠርም። ክብደቱን በሚነካው እግር ላይ ከጣለም አይቆጠርም። ሦስቱ ርቀቶች ይደመራሉ፣ ለእግር ርዝመት ሦስት እጥፍ ይካፈላሉ፣ በ100 ይባዛሉ። ረጅምና አጭር ልጅ በዚህ ይነጻጸራል።

የቀይ ቀበቶዋ ልጅ ውጤት ነው ያስደነገጠኝ። ከሁሉም ከፍ አድርጋ የምትመታው እሷ ናት። የእግሯ ርዝመት 84 ሴ.ሜ። በቀኝ እግሯ ቆማ ወደ ፊት 60፣ ወደ ኋላ 92 እና 88 ደረሰች፤ 95.2 በመቶ። በግራ ቆማ ወደ ፊት 54፣ ወደ ኋላ 88 እና 84፤ 89.7 በመቶ። ቁም ነገሩ ወደ ፊት ያለው የ6 ሴ.ሜ ልዩነት ነው። በሁለት እግር መሃል ከ4 ሴ.ሜ በላይ ልዩነት ያላቸው ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የእግር ጉዳት በዝቶ መታየቱ በጥናት ተጽፏል። እሷ ሁልጊዜ የምትመታው በቀኝ ነው። ስትመታ የምትቆመው ደግሞ በግራ ነው። ግራው ብዙ ስለሚሠራ ይጠነክራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቁጥሩ ሌላ ነገር አለ።

ጎንበስ ብዬ እግሯን አየሁት። ዓይኗን ጨፍና በግራ ስትቆም ጣቶቿ ሲሚንቶውን ይቧጥጣሉ። የእግሯ ውስጠኛ ቅስት ተኝቷል። ከቁርጭምጭሚቷ ፊት ያለው ጅማት ይወጣል፣ ይገባል፣ እረፍት የለውም። ከዚያ ጉልበቷ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ዳሌዋ የሚወድቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሩቅ ሆኜ የማየው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነበር።

ዓይን መጨፈኑ ምክንያት አለው። ሰው ቆሞ የሚቀረው በሦስት ነገር ነው፤ በዓይን፣ በውስጥ ጆሮ፣ እና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ መልእክት። ዞሮ ሲመታ ዓይን ለቅጽበት ዒላማውን ያጣል። ያኔ ሥራው የሌሎቹ ሁለቱ ነው። ዓይን ጨፍኖ መቆም እነዚያን ለብቻቸው ያሠራል።

ጥቅምት፣ መጨረሻ፦ ሳጥን

ሳጥን መግዛት አይታሰብም። ባህር ዛፍ ደግሞ በከተማችን ሞልቷል። 900 ብር የባህር ዛፍ ጣውላ ገዝተን በምስማር አንድ አደረግነው። ጣውላው እርጥብ ነበር። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ሲፈራረቅበት ጠመመ፣ ምስማሩ ያለበት ቦታ ሁሉ ተሰነጠቀ። ሳጥኑ ላይ አንድም ልጅ ሳይዘል ለማገዶ ተለየ።

ከዚያ በሰፈራችን ወዳሉ ሽማግሌ አናጢ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልጆች የሚዘሉበት ነው፤ ቢሰበር ጉድ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ ምስማር አይመታም» አሉና ቁርጥራጭ ኮምፐልሳቶ አሳዩኝ። ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ። ሳጥኑን 30 በ45 በ60 ሴ.ሜ አድርገው ሠሩት። በማገላበጥ ብቻ ሦስት ከፍታ ይገኛል። ውስጡ መሃል ላይ ተሻጋሪ ደጋፊ ገባለት። ያ ደጋፊ ባይኖር ፊቱ ያረግዳል። መገጣጠሚያው በኮላና በብሎን ነው፣ ምስማር የለውም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ኮምፐልሳቶ 1,400 ብር፣ የእጅ ዋጋ 1,000፣ ብሎን 180፣ ቀለም 350። ድምሩ 2,930። የጠፋው 900 ለብቻው ነው።

ሁለት ነገር ራሳችን ጨመርን። አንደኛው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን አሮጌ ካላማዳሪያ ቀደን አለበስነው። እግሩ ያልደረሰለት ልጅ ቅልጥሙን የሚልጠው ያ ጠርዝ ነው። ካላማዳሪያውን ጎሚስታው በነፃ ሰጠን። ሁለተኛው፣ ላዩን ቀለም ቀብተን ሳይደርቅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በተንንበት። ሲደርቅ ይይዛል። በጠዋት ጤዛ የረጠበ ጫማ እንኳ አያንሸራትትም።

ለሚዛን መሥሪያ የሚሸጠውን ለስላሳ ማት አልገዛንም። ከአንድ ሰልጣኝ ቤት የመንዝ ባና መጣ። አራት እጥፍ ሲታጠፍ እግርን ያሰምጣል፣ ግን ደግፎ ይይዛል። ከፍራሽ ስፖንጅ ጋር አወዳድረነዋል። ስፖንጁ 350 ብር ወጥቶበት ገና በጥቂት ቀን መሃሉ ተቀመጠ። ባናው እስካሁን እንዳለ ነው።

የሚንከባለል ሰሌዳም ሞክረናል፤ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጣውላ። ሲሚንቶ ላይ ቱቦው አፈተለከና አንድ ልጅ በመቀመጫው ወረደ። አሮጌ ምንጣፍ ላይ ሲሆን ይያዛል። ቢሆንም አስቀመጥኩት። ልጆቹ ይወዱታል፣ ከሰሌዳው ላይ ጎበዝ ይሆናሉ፣ ያ ጉብዝና ግን ምታቸው ውስጥ ሲገባ አላየሁም። የሚወዳደሩት የማይንቀሳቀስ ወለል ላይ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ቆሞ ኃይል ማውጣትም አይቻልም። እኔ የማምነው በጠንካራ ወለል ላይ በአንድ እግር ማረፍን ነው። ባናው ለማሟሟቂያና ከጉዳት ለሚመለስ ልጅ ይበቃል።

ኅዳር፣ የመጀመሪያ ሳምንታት፦ ማረፍ ብቻ

ዝላይ የለም። ከ30 ሴ.ሜ ሳጥን መውረድና ማረፍ ብቻ። ልጆቹ አጉረመረሙ። ሰማያዊ ቀበቶው «ማስተር፣ ይሄ እኮ ከደረጃ መውረድ ነው» አለኝ። በስልክ ስሎ ሞሽን ቀርጬ አሳየሁት። ሲያርፍ ሁለቱም ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሊነካኩ ነው። ዝም ብሎ ደጋግሞ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ደረጃ አላነሳም።

ደንባችን ይህ ነው። እግር በዳሌ ስፋት። ጉልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት ጋር በአንድ መስመር። ዳሌ ወደ ኋላ፣ ደረት ቀና። አርፎ ሦስት ሰከንድ መቆም። ድምፅ አለመሰማት። ከሁሉም የሠራው ድምፁ ነው። «ጉልበትሽን ወደ ውጭ» ስላት ስለ ጉልበቷ ታስብና ሌላው ይበላሻል። «እንዳልሰማሽ ውረጂ» ስላት ግን ቁርጭምጭሚቱም ጉልበቱም ዳሌውም ራሱ ይተጣጠፋል። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ በጆሮ ብቻ አርም ነበር። ተረከዙን የሚጥል ልጅ ይታወቃል።

ሴቶቹ ላይ የበለጠ ጊዜ አጠፋን። የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ስፖርተኞች ላይ ይበዛል። ጉልበት ወደ ውስጥ ገብቶ ማረፍ አንዱ መንገዱ ነው። ከጉልበታቸው በላይ የካላማዳሪያ ቀለበት አስረን ስኳት አሠራን። ጎማው ወደ ውስጥ ሲስባቸው እነሱ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ለመማሪያ ጥሩ ነው። ሲለምዱት ይፈታል።

በአንድ እግር ማረፍ የጀመርነው ከወለል ነው፣ ከሳጥን አይደለም። ወደ ፊት አንድ ሆፕ (በአንድ እግር ነጥሮ በዚያው ማረፍ)፣ መቆም። ወደ ጎን ሆፕ፣ መቆም። ሩብ ዙር ዞሮ ሆፕ፣ መቆም። ቀላል ይመስላል። ሩብ ዙሩ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለተኛ እግራቸው መሬት ነኩ። እነዚህ ልጆች እኮ ሙሉ ዙር ዞረው ጭንቅላት ሊመቱ ይሞክራሉ።

መጠኑን በእግር ንክኪ እንቆጥራለን። እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ። ለጀማሪ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 ይመከራል። እኛ በ60 ጀመርን። ማክሰኞና ዓርብ ብቻ። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚለምደው፤ በሁለት ከባድ ልምምድ መሃል ከ48 እስከ 72 ሰዓት ያስፈልጋል።

ኅዳር፣ አጋማሽ፦ ብርድና ጾም

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሳሩ ነጭ ይሆናል። የቀዘቀዘ ጡንቻና ጅማት ላይ ዝላይ አላሠራም። ማሟሟቂያውን ወደ 20 ደቂቃ አሳደግነው። ሶምሶማ፣ የዳሌ ማፍታታት፣ ስኳት፣ ከዚያ ባና ላይ በአንድ እግር፣ መጨረሻ ላይ በቁርጭምጭሚት ብቻ ዝቅ ያለ ንጥር። ጃኬት የሚወልቀው ላብ ግንባር ላይ ሲታይ ነው።

ከፍታው ላይም ነገር አለ። አንድ ዝላይ ራሱ ኦክስጅን አይጠይቅም፤ ጡንቻ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው የሚሠራው። ስንቁን መልሶ ለመሙላት ግን ኦክስጅን ይፈለጋል። አየሩ ስስ ሲሆን መሙላቱ ይዘገያል። በቪዲዮ እንደሚታየው 30 ሰከንድ አርፈው ሲቀጥሉ በሦስተኛው ዙር ላይ የማረፍ ድምፃቸው ተመለሰ። እረፍቱን ሁለት ደቂቃ አደረግነው። ልጆቹ ሲሰለቹ በዚያ ሰዓት ዓይን ጨፍኖ መቆም ሰጠኋቸው። ሚዛን ስለማያደክም እዚያ ይገባል።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። አብዛኞቹ ይጾማሉ፤ እስከ 9 ሰዓት የማይቀምሱም አሉ። ጠዋት ባዶ ሆድ ዝላይ ማሠራት ትክክል አይደለም። የማክሰኞና የዓርቡን ልምምድ ወደ 11 ሰዓት አዛወርነው። 9 ሰዓት ላይ በሽሮና በምስር ይበላሉ፣ ከልምምድ በኋላ የተበጠበጠ በሶ። የገብስ አገር ላይ ተቀምጦ ስለ ስንቅ መጨነቅ አያስፈልግም። ችግሩ 12 ሰዓት ሲሆን መጨለሙ ነው። የአዳራሹ አምፖል አንድ ብቻ ነው። ሳጥኑን ከአምፖሉ ሥር አመጣነው፣ የሳጥኑን የፊት ጠርዝ በነጭ ስኮች አሰመርነው።

ኅዳር፣ መጨረሻ፦ ወለምታ

ሰማያዊ ቀበቶው ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። እናቱ ወጌሻ ጋ ወስደው አሳሽተውታል። ሲመጣ አብጦ ነበር። እናቱን «እትዬ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይታሽ፤ እብጠቱን ያባብሰዋል» አልኳቸው። እሳቸውም «እኔ ምን አውቄ፣ የሁላችንንም እሱ ነው ያሸው» አሉኝ። እውነት ነው፤ እጃቸው የሚያድን ወጌሾች አሉ። ግን መጀመሪያ ስብራት አለመሆኑ መታየት አለበት። ሁለት ነገር እመለከታለሁ። አራት እርምጃ ራሱ መሄድ ይችላል ወይ? በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት አጥንቶች ከኋላቸውና ጫፋቸው ላይ ሲጫኑ ያማሉ ወይ? መሄድ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ካመመው ኤክስሬይ ነው። እሱ ይሄድ ነበር፣ አጥንቱም አላመመውም።

ከዚያ ያለውን ሥራ ብዙ ክለብ ይዘለዋል። እብጠቱ ሲጎድል ልጁ «ዳንኩ» ብሎ ወደ ምት ይመለሳል። ወለምታ ጅማቱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ከመገጣጠሚያው ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክትም ያደበዝዛል። አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው አንዱ ለዚህ ነው። የሚዛን ልምምድ ይህን መደጋገም እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነው። ለእሱ የሰጠነው ቅደም ተከተል፦ ወለል ላይ በአንድ እግር፣ ከዚያ ዓይን ጨፍኖ፣ ከዚያ ባና ላይ፣ ከዚያ ባና ላይ ቆሞ ኳስ መቀበል፣ ከዚያ ትንሽ ሆፕ፣ መጨረሻ ላይ ሩብ ዙር። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ያለ ሕመምና ያለ መንገዳገድ ሲሠራው ነው፤ በቀን ቆጠራ አይደለም። ሌሎቹ ሳጥን ላይ ሲወጡ እሱ ባና ላይ ቆሞ ኳስ ይቀበል ነበር። ተናዶብኛል። አሁን ያ እግሩ ከሌላኛው ይሻላል።

ታኅሣሥ፦ ዝላይ

አሁን ፖጎ (በቁርጭምጭሚት ብቻ ደጋግሞ መንጠር)፣ ዝቅተኛ መሰናክል፣ እና ድሮፕ ጃምፕ ገባ። መሰናክሉ አሸዋ የተሞላ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ላይ የተጋደመ ሸምበቆ ነው። ቢነካ ይወድቃል፣ እግር አይጠልፍም። ዋጋው ዜሮ።

ድሮፕ ጃምፕ ማለት ከሳጥን ወርዶ መሬት እንደነኩ ወዲያው ወደ ላይ መንጠር ነው። እዚህ ላይ ያለ ልኬት መሥራት በጨለማ መሄድ ነው። ስልኬ በሰከንድ 240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርጻል። ስልኩን ከጡብ ጋር አስደግፌ መሬት ላይ፣ ሌንሱን በእግር ቁመት አስቀምጣለሁ። እግር መሬት ከነካበት እስከ ለቀቀበት ያሉትን ፍሬሞች እቆጥራለሁ፤ ለ240 ሲካፈል የንክኪ ጊዜ ነው። ከለቀቀበት መልሶ እስኪነካ ያለው የአየር ጊዜ ነው። የዝላዩ ከፍታ የአየር ጊዜው በራሱ ተባዝቶ በ9.81 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል ይገኛል። 120 ፍሬም አየር ላይ ከቆየ 0.5 ሰከንድ ነው፣ ወደ 31 ሴ.ሜ ገደማ። ጉልበቱን አጥፎ የሚያርፍ ልጅ የአየር ጊዜው በሐሰት ይረዝማል፤ እንደተነሳ ቀጥ ብሎ ማረፍ አለበት። ከፍታው በሜትር ለንክኪ ጊዜው ሲካፈል አንድ ቁጥር ይወጣል። የማሳድደው እሱን ነው።

የቀይ ቀበቶዋ ልጅ ከ30 ሴ.ሜ ስትወርድ ንክኪዋ 72 ፍሬም፣ አየሯ 120 ነበር። 0.3 ሰከንድ መሬት ላይ ቆይታ 30.7 ሴ.ሜ ዘለለች። ውጤቱ 1.02። ልጆቹ 45ቱን እንሞክር አሉ። አንድ ጊዜ ፈቀድኩ፣ እንዲያዩት። የሁሉም ንክኪ ረዘመ፣ የአብዛኞቹ ዝላይ ደግሞ አነሰ። ስልኩን ከበው ፍሬም በፍሬም አየነው። ተረከዛቸው ወለሉን ይነካል፣ እዚያ ይተኛል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይነሳሉ። ጅማቱ ያጠራቀመው ኃይል በዚያች ተረከዝ በተኛችባት ጊዜ ያልቃል። አንዱ ልጅ ራሱ «ከፍታው እየበላን ነው» አለ። እኔ ላብራራው ከምችለው በላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ወደ ታች ወረድን። 20 ሴ.ሜ። ለዚህ ሌላ ሳጥን አላሠራንም፤ ሁለት የብሎኬት ረድፍ ላይ የተረፈውን ኮምፐልሳቶ አስረን ደልደል አደረግነው። ብሎኬት ብቻውን ጠርዙ ስለሚረግፍ አይሆንም። ንክኪው ከ0.25 በታች የገባለት ልጅ ብቻ ወደ 30 ይመለሳል። ትዕዛዙም ተቀየረ። «ከፍ በል» ስል መሬት ላይ ይቆዩ ነበር። «ወለሉ ትኩስ ነው» ስል ያሳጥሩታል።

ጠቅላላ ንክኪው 80 ደረሰ፣ ከ100 አላለፍንም። ከድሮፕ ጃምፕ ራሱ ከ20 አይበልጥም። የቅልጥም ሕመም ያሰማ አንድ ልጅ ነበር። ሲሚንቶው ላይ ነው የመጣበት። የእሱን ንክኪ ግማሽ አደረግን፣ ፖጎውን ወደ ሳሩ አወጣን፣ ከሰዓት በኋላ ሲደርቅ። የልምምድ ማቱን ደግሞ ሳጥኑ ሥር አነጠፍን። ቀለለው።

ጥር፣ ከገና በኋላ

የገና ሰሞን እረፍት ሆነ። የሚገርመው፣ ከእረፍት ሲመለሱ ድምፃቸው ይበልጥ ጠፍቷል፣ ንክኪያቸው አጥሯል። ድካማቸው ወጥቷል ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ በየአራት ሳምንቱ አንዱን ሳምንት በግማሽ መጠን ለማሠራት ወስኛለሁ።

አሁን ዝላዩን ከምት ጋር ማገናኘት ነው። ከ20 ሴ.ሜ ወርዶ፣ መሬት ነክቶ ወዲያው ዶልዮ ቻጊ ፓድ (የምት መለማመጃ ትራስ) ላይ። ወደ ጎን ሆፕ አድርጎ በዚያው እግር ቆሞ በሌላው ሁለት ምት። የፊት እግርን አንስቶ በቆመው እግር እየነጠሩ ወደ ፊት መግባት፤ ዘመናዊው ቴኳንዶ ግማሹ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዲት ቻጊ (ጀርባ ሰጥቶ ወደ ኋላ የሚመታ ምት) መትቶ በአንድ እግር ሦስት ሰከንድ መቆም። በመጨረሻው ላይ ኅዳርን ሙሉ ማረፍን የተለማመዱበት ሥራ ታየ። ዳሌያቸው አይወድቅም፣ ሁለተኛው ምት ራሱ ይከተላል።

አንድ ቅዳሜ የተወሰኑትን ይዤ ሸዋ ሮቢት ወዳጅ ክለብ ዘንድ ወረድኩ። ጣርማ በርን አልፎ ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ቁልቁል ነው። ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ማሟሟቂያው በ10 ደቂቃ አለቀ፣ እረፍቱም አጠረ፤ አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ሆነ። እዚያ የሚያሰለጥነው ወንድሜ ግን ሌላ ጣጣ አለበት፤ ላብ። ወለሉ ይረጥባል፣ በአንድ እግር ሲቆሙ ይንሸራተታል። በየዙሩ ይወለውላሉ። ሳጥናችንን አይቶ የአሸዋውን ዘዴ ወሰደ። እኔ ከእሱ የወሰድኩት ጥንድ ልምምድ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት በአንድ እግር ቆመው መዳፍ ለመዳፍ ይገፋፋሉ፣ እግሩን ያወረደ ይሸነፋል። ግፊቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ከባናው ይልቅ ወደ ግጥሚያ ይቀርባል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፦ ዳግም ልኬት

በዚያው ወለል፣ በዚያው ጠመኔ፣ በባዶ እግር። ቀይ ቀበቶዋ በግራ ቆማ ወደ ፊት 58፣ ወደ ኋላ 91 እና 88፤ 94 በመቶ። በቀኝ ወደ ፊት 61። ልዩነቱ ከ6 ወደ 3 ሴ.ሜ ወረደ። ድሮፕ ጃምፕ ከ30 ሴ.ሜ፦ ንክኪ 58 ፍሬም፣ አየር 122። ከፍታዋ 31.7 ሴ.ሜ ነው፤ የጨመረችው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሬት ላይ የምትቆየው ግን ከ0.30 ወደ 0.24 ሰከንድ ወርዷል። ውጤቷ ከ1.02 ወደ 1.31። በሜትር ብቻ ለክተን ቢሆን ምንም አልተለወጠም እንል ነበር። ያቺ የተረፈች ጊዜ ናት ሁለተኛውን ምት የምታስገባው።

ሁሉም አልተሻሻለም። ረጅሙ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁመቱ ዘሎ ሄዷል። ሚዛኑ ከጥቅምት ይልቅ ትንሽ ወርዷል። አጥንቱ ሲረዝም ሰውነቱን እንደ አዲስ መማር አለበት። እሱን ከድሮፕ ጃምፕ አውጥቼ ወደ ኅዳሩ ሥራ መልሼዋለሁ፤ ማረፍ፣ ሆፕ፣ ዓይን መጨፈን። ጉልበቱ ሥር ያለችው የአጥንት እብጠት ስትነካ ያመዋል፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ዝላይ ግን ያባብሰዋል። ለአባቱም ነግሬያቸዋለሁ፣ ልጁ ሰንፎ እንዳይመስላቸው።

የካቲት የሚጀመረው ሥራ፦ ለጀማሪዎቹ ሌላ የ20 ሴ.ሜ ሳጥን ከተረፈው ኮምፐልሳቶ። ሁለተኛ አምፖል። የዋይ መስመሩን በጠመኔ ፋንታ በቀለም ማስመር፣ በየልኬቱ እንዳይዛነፍ። በግራ እግር የሚመታበት ቀን በሳምንት አንድ፣ ለሁሉም። ረጅሙ ልጅ መጋቢት ላይ እንደገና ይለካል።